ድንች ማጠቢያዬን የመረቁልኝ አባት

ምርቃትን ሽያጭ ነው ብሎ የቆጠረ ሥራ ፈጣሪ አይታችኋል? እኔ ነኝ! ደብረ ታቦር ላይ በእጅ የሚዞር የድንች ማጠቢያ ልሠራ አሰብኩ። ስልጠና ላይ «መጀመሪያ ደንበኛህን ጠይቅ» ተብለን የለ፣ ጉና ተራራ ወጥቼ ድንች አምራች ገበሬዎቹን «እንዲህ ያለ ማሽን ብሠራ ትወዱታላችሁ?» አልኳቸው። «እሰይ! እደግ ተመንደግ!» ብለው መረቁኝ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ወርጄ ስድስት ሠራሁ።

ጭኜ ስመለስ የገዛኝ አንድም ሰው የለም። ብሽቅ ብዬ፣ ያን ቀን አብዝተው የመረቁኝን ሽማግሌ ያዝኳቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ ድንችዎን በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«ኧረ እኛ አናጥብም ልጄ! የታጠበ ድንች ገበያ ሳይደርስ ይበሰብሳል። የሚያቆየው አፈሩ ነው።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ትወዱታላችሁ ወይ አልከን፣ ወደድንልህ። ታጥባላችሁ ወይ መች አልከን? ደግሞስ ያን ሁሉ ዳገት በብርድ ወጥቶ የመጣን ልጅ እንዴት እናሳፍር?»

ይባስ ብለው ሊያጽናኑኝ እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

«አባቴ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ» አልኳቸው፣ «ከፈለጉ ይስደቡኝ፤ ብቻ እንዳይመርቁኝ!»