ሦስት ወንበር የያዘ ወገብ

ትዕግሥት በታደለበት ቀን እኔ ሳልኖር አልቀርም። መካነ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ወደ ወግዲ በምትሄደው ሚኒባስ ከተሳፈርኩ ሁለት ሰዓት አልፎኛል፤ አሥር ጊዜ ወርጄ አሥር ጊዜ ወጥቻለሁ። በማግስቱ ባዮሎጂ የማስተምራቸው ተማሪዎች ይጠብቁኛል፤ ሾፌሩ ግን ገና «ሁለት ሰው ቀረ!» እያለ ይጮኻል። የኋላውን ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር ሼኽ ሙሐመድኑር የሦስቱንም ሰው ከፍለው ለብቻቸው ተኝተውበታል።

ሼኽ ሙሐመድኑር በከተማው ዳር ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ማለትም ንባቡን የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ግማሽ ኩንታል ስንዴ አህያ ላይ ሊጭኑ ሲያነሱ ወገባቸው ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም ማለት ይቻላል። ወግዲ የሚሄዱትም ወገብ በጋለ ብረት ይተኩሳል ወደተባለ ሰው ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኑርጃን አጠገባቸው ባለ ሌላ ወንበር ተቀምጠዋል።

በዚህ መሀል ፈርሂያ የምትባል ወጣት ገብታ ከሽማግሌው ፊት ካለው ወንበር ተቀመጠችና ዞር አለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም። አፉ ይበሉኝ ሼኽዬ፤ ምን ሆነው ነው?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ወገቤ ነው ልጄ። ተቆርጧል።»

«ሐኪም አላየውም?»

«አይቶ ምን ሊረባኝ! ደሴ ድረስ ሄጄ ፎቶ አነሱኝና ‹አጥንትዎ ደህና ነው፤ ይንቀሳቀሱ› ብለው ሰደዱኝ። በሽታዬን አጡት።»

ዝም ማለት አልሆነልኝም። «አጥንቱ ደህና ነው ማለት እኮ በሽታውን አጡት ማለት አይደለም» አልኩ።

«አንተ ደግሞ መቀመጥ አቅቶህ ስትወጣ ስትወርድ የዋልክ ሰው፣ በኔ ወገብ ምን አገባህ?»

ወይዘሮ ኑርጃን ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፈርሂያ ግን አልሳቀችም። «እግርዎን ያደነዝዝዎታል? ሽንት መቆጣጠርስ ያቅትዎታል?» ብላ ጠየቀች።

«አንቺ ልጅ! በሰው ፊት?»

«ይህ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንጂ ወግዲ አይኬድም፤ ስለዚያ ነው።»

«የለም ልጄ፤ አልሐምዱሊላህ» ብለው ወይዘሮ ኑርጃን መለሱላት።

«እኔም ጂዳ ሠራተኛ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ከመታጠቢያ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ» አለች ፈርሂያ። «ተሰብሬአለሁ ብዬ አንድ ወር ተኛሁ። በተኛሁ ቁጥር ባሰብኝ። ኋላ እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ ‹የተጎዳው ሥጋሽ እየዳነ ነው፤ አሁን የሚያምሽ በመተኛት ብዛት የደከመው ነው› አለችኝ። በቅሎስ ሁለት ወር ታስራ ስትፈታ ታነክስ የለ?»

«በቅሎ አደረግሽኝ!»

«አላደረግሁዎትም። ዛሬ እስከ በር፣ ነገ እስከ መንገዱ ይራመዱ። ትንሽ ቢያምዎትም አይሰበርም። አንድ ቀን ቢበዛብዎ በማግስቱ ይቀንሱ እንጂ አልጋ አይግቡ። ረጅም ሰዓት መቀመጥም ይቅርብዎ።»

«አርባ ዓመት ተቀምጬ ነው ያስቀራሁት!»

«እንግዲያስ ቆመው ያስቀሩ።»

«እንደ ዘበኛ?» አሉ ሼኹ። ከዚያ ቁጣቸው በረደና ወደ መኪናው ጣሪያ እያዩ ቀጠሉ። «ልተኮስና ይውጣልኝ። አሥራ ዘጠኝ ልጅ ተበትኖብኛል። ከሁሉም ባሲማ ታንገበግበኛለች። ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምራ ወደ መጀመሪያው ስትቀራ ስትቀራ ረጅሟ ምዕራፍ አል-በቀራ ብቻ ቀረቻት። ቤተሰቦቿ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ኮምቦልቻ ሊዛወሩ ነው። አልጋዬ ዳር ብትቀራም ሕመሜን እንጂ እሷን አልሰማ። ሳታኸትም፣ ቁርኣኑን ሳትጨርስ ከሄደችብኝ…»

ስለ ወንበሩ ስነጫነጭ በመቆየቴ አፈርኩ።

የቀትሩ የዙህር ሰላት አዛን ተሰማ። ወይዘሮ ኑርጃን በውሃ ፈንታ የሚታበሱበትን አፈር ከጨርቅ ፈተው አቀረቡላቸው፤ ሼኹም እንደተኙ ለመስገድ ተዘጋጁ። ያን ጊዜ ፈርሂያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሼኽዬ፣ አንድ ነገር ያስተምሩኝ። የታመመ ሰው እንዴት ይሰግዳል?» አለች።

የሚያውቁትን ሲጠየቁ ፊታቸው በራ። «ቆሞ ነው። ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ።»

«እስከዚች መኪና በምን መጡ?»

«በእግሬ፤ ኑርጃን ደግፋኝ…» አሉና አፋቸው ተያዘ። «ሰላቴን ልትመረምሪ ነው?» ብለውም ጮኹ።

ፈርሂያ አንገቷን ደፋች። ሾፌሩ እንኳ መጥራቱን ተወ። እኔ በበኩሌ መኪናዋን መግፋት አማረኝ፤ ዝምታ አይስማማኝም።

«ይቺን ትምህርት ለስንት ልጅ አስተማርኳት ኑርጃን?» አሉ ሼኹ።

«ማን ቆጥሮት!»

«አቅቶኝ አይደለም። ፈርቼ ነው።» አፈሩን ገፋ አደረጉ። «ውሃ አምጪልኝ።»

ፈርሂያ እንዴት እንደሚነሱ አሳየቻቸው፤ መጀመሪያ በጎን መዞር፣ እግርን ማውረድ፣ ከዚያ በእጅ ገፋ ብሎ መቀመጥ። ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ወዳለው መስጊድ በባለቤታቸው ተደግፈው ሄዱ። እኔም መቀመጥ ስላልሆነልኝ እስከ በሩ ተከተልኩ። ቆመው ጀመሩ፤ የቻሉትን ያህል ጎነበሱ፤ ግንባር መሬት ለሚደፋበት ሱጁድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲወጡ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«ያማል» አሏት ፈርሂያን።

«አውቃለሁ።»

«ግን አልተቆረጠም።» ወደ ሾፌሩም ዞረው፣ «የወግዲው መንገድ ቀርቷል» አሉ።

አራት ወንበር ባዶ ሆነ። ሾፌሩ ራሱን ያዘ፤ እኔም ሌላ ሁለት ሰዓት ተቀጣሁ። ፈርሂያ ግን ሳይሄዱ ዕቃ አነሳሱንም አስተማረቻቸው፤ ጉልበትን አጠፍ፣ ሸክምን ወደ ሰውነት ጠጋ፣ የከበደውን ለሁለት ከፈል።

በሃያ አምስተኛው ቀን ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ሼኹ ምርኩዝ ይዘው በደጃፉ ወዲያና ወዲህ እያሉ ያስቀራሉ፤ የሚያንቀላፋውን ልጅ በምርኩዙ ጫፍ ይነካሉ። ሰላም ብላቸው ጣታቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። አሥር ዓመት የማይሞላት ባሲማ የአል-በቀራን መጨረሻ እየቀራች ነበር። ሁለት ወር በአልጋ ያልተገኘው እንቅልፍ፣ የቤቱ ሥራና ከአሥራ ዘጠኙ የአሥራ ሰባቱ ልጆች ትምህርት፣ በየቀኑ በሚጨመር ጥቂት እርምጃ መመለሱን ወይዘሮ ኑርጃን ቆጠሩልኝ። ወገቡ ፈጽሞ እንዳልዳነ፣ አንዳንድ ማለዳ ክፉኛ እንደሚይዛቸውም አልደበቁኝም።

ባሲማ ጨረሰች። ሼኹ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሟት። ቀና ሲሉ ወገባቸውን ያዙ።

«ያማል» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ቀጣዩ ማነው?»