አባቴ በትንፋሹ «አዎ» ሲል

እኔን ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል። ባለፈው ዓመት፣ ዴን ሃግ ከተማ በምማርበት ክፍል ገለጻ የማቀርብበት ተራዬ ደርሶ ሁለት ቃል እንደተናገርኩ አልቅሼ ተቀመጥኩ። ዘንድሮ ግን አባቴ የስፔን ኳስ ስለሚወድ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ስለነበረው የመጨረሻ የስፔን ሊግ ለማስረዳት መረጥኩ። ወላጅ መጥቶ መስማት ስለሚችል እሱም ከሮተርዳም ወደብ ሥራውን ጨርሶ በቀጥታ መጣ። «አይዞሽ፣ ደጋፊሽ ከኋላ አለ» ብሎኝ ተቀመጠ።

ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ «ዋንጫውን የሰሜን ቡድን ወሰደ» አልኩ። አባቴ እኛ «አዎ» ስንል እንደምናደርገው ትንፋሹን «ህእ!» ብሎ ወደ ውስጥ ሳበ። «ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነት ተነሣ፤ ሊጉም ተቋረጠ» ስል ደግሞ ይባስ ጮክ አድርጎ ደገመው። አስተማሪዋ ትንፋሽ ያጠረው መስሏት ደንግጣ በብርጭቆ ውሃ ይዛለት ሮጠች።

«ደህና ነዎት?»

«ህእ!» አላት፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው።

አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ «አልታመመም! እኛ ‹አዎ› የምንለው እንደዚህ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔም ሳቅኩ። የቀረውን ቀና ብዬ፣ ሳልፈራ ተናገርኩ።

«ጦርነቱ ሲያልቅ ሊጉ ተመለሰ» ብዬ ስጨርስ፣ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ላይ «ህእ!» አለ።

አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ብድግ አለና በተሰባበረ ደችኛው «ቶሎ ውሃ ስጧቸው!» አለ።