ስለ ደምለው ሞተር መርገፍገፍ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ የብርጓል አካለ ወልድ
ዕድሜ፦ 48
የትምህርት ደረጃ፦ 10ኛ ክፍል
ሥራ፦ ሻይ ቤት
አድራሻ፦ ሉማሜ ከተማ
ቀን፦ ጥር 23 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን መሳፍንት ዘማርያም

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ነኝ፤ ጠጥቶ በመንዳት የተጠረጠረው ደምለው የእህቴ ልጅ ነው፤ ሆኖም የምናገረው ያየሁትን ነው። ጥር 21 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከእጮኛው ከትዕግስት አባት ከአቶ ፈቃዱ ዘንድ የሠርግ ቀን ልናስቆርጥ በሞተሩ ተነሣን። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ጀሪካን ጠላ ታቅፌ ከኋላ ተፈናጥጬ ነበር። ሞተር ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ በመሆኑ፣ ደስታዬን እጄን እያውለበለብኩ ለመንገደኛው ሁሉ ገልጫለሁ።

ደምለው ከልጅነቱ ፈረሰኛ ነው። ፈረስ አንገቱን ካቀና ያስቸግራል፣ ሞተርም ያው ነው ብሎ፣ በዋዜማው የፊት ጎማውን የያዙትን የአሞርታዘር ቱቦዎች ቡሎን አላልቶ ቱቦዎቹን ወደ ላይ በመሳብ ፊቱን ዝቅ አድርጎት ነበር። "አክስቴ፣ አሁን አንገቱን ደፍቷል፤ ልጓም አያሻውም" ብሎኛል። በእርግጥም ገበያው ውስጥ በአህያና በባጃጅ መሐል ሲሽሎከለክ፣ ገና ሲያስበው ይታጠፍለት ነበር።

የጠጠሩን መንገድ ቁልቁለት ይዘን ፍጥነት ሲጨምር ግን መሪው ግራና ቀኝ ይርገፈገፍ ጀመር። "ምን ሆነብህ?" ስለው "እንጃ አክስቴ፣ እምቢ አለኝ" አለ። ወዲያው ከመንገድ ወጥተን የአቶ ፈቃዱን የጭድ ክምር ሰንጥቀን ገባን። ጀሪካኑ ደምለው ላይ ፈነዳ። አቶ ፈቃዱ ሮጠው ደርሰው ልጁን አሸተቱና "ለሰካራም ልጄን አልሰጥም" ብለው ከሰሱ። ጠላው ከላዩ ላይ እንጂ ከሆዱ አልነበረም።

ይህንኑ ሳስረዳ ሳጅን መሳፍንት "እትየ የብርጓል፣ ሞተር ብቻውን አይንገዳገድም" ስላለኝ፣ ራሱ ነድቶ እንዲያይ ጠየቅሁ። ዛሬ ጠዋት አቶ ፈቃዱና መካኒኩ ገዳሙ ባሉበት፣ ሞተሩ ሳይነካ፣ እኔን አፈናጦ በዚያው ቁልቁለት ነዳ። መሪው እንደዚያው ተርገፈገፈ። ሳጅኑ "እትየ፣ አይሳቁብኝ" ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ ከክምሩ የቀረውን ሰንጥቀን ገባን፤ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ገዳሙ፣ ፊቱ ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል ጎማው ቶሎ ይታጠፋል፣ በፍጥነት ግን መስመር አይይዝም ብሎ ቱቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሶ ሲነዳው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። አቶ ፈቃዱ ጭዱን ከሳጅኑ ፀጉር እየለቀሙ "አንተም ጠጥተሃል?" አሉት። "ኧረ ጋሸ፣ በሥራ ላይ ነኝ" አለ። "እንግዲያው ልጁም አልጠጣም" ብለው ክሳቸውን ትተዋል። ሠርጉም ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል፤ እስከዚያ ክምሩን ሙሽራውና ሳጅኑ መልሰው ይከምራሉ።

ሳጅኑ የእሱ መውደቅ ከጉዳዩ ጋር ስለማይገናኝ ሳይጻፍ ይቅር ብሎኝ ነበር። ካልተጻፈ አልፈርምም ስላልኩ በገዛ እጁ ጽፎታል። ጠጥቶ እንደሆነም ይመዝገብልኝ ብዬ፣ ከእኔው ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ በቀር አለመጠጣቱን አረጋግጫለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጨመርኩት ሳቄን ብቻ ነው፣ ሌላው እንዳየሁት ነው በማለት ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________