ስልክ ውስጥ የሚገባው ብር

ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ያወራሉ።

«እማማ፣ ብር የሚያትመው ባንክ ወደፊት ወረቀቱን ትቶ ብሩን በስልክ ሊያወጣው ይችላል ይባላል።»

«ለእኔ ቢጤ ምን ይረባል?»

«አይጥ አይበላው፣ ሌባ አይሰርቀው። ብር ለማድረስ ብለውም በዚህ መንገድ አይንገላቱም።»

«ኔትወርኩ ሲጠፋስ?»

«ያው... እስኪመጣ ይጠበቃላ።»

«መጠበቁንስ ለምደነዋል። ግን ብሬን ማን ያየዋል?»

«ባንኩ ያያል። መንግሥትም ካሻው ያያል። ሌላ ማንም አያይም።»

«እነሱስ ይዩት፤ ቅቤ ሸጬ የማገኘው ብር ምን ያደርግላቸዋል? ስልኩ ያለው ግን ባሌ ኪስ ውስጥ ነው።»

«እሳቸው ቢያዩትስ ምን አለበት?»

«ብሩ ልጄ ማርቆስ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማርበት ነው። አባቷ ኪራዩን ወንድሜ የሚከፍል ይመስለዋል። ዝም ያለው ወንድሜን አፍሮ እንጂ፣ ይሄኔ ድሯት ነበር።»

«እንግዲያ የራስዎን ስልክ ይግዙ።»

«እሱንስ የት ልደብቀው ልጄ? ብር እንደሆነ አይጮህ።»



«ሂሳብ!» አለ ረዳቱ።

እናትየው መቀነታቸውን መፍታት ሲጀምሩ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።