በፈተናው ጠዋት ስለተነቀሉት የኔትወርክ ገመዶች

የምስክር ቃል
ስም፦ በዋናው መዝገብ እንደሰፈረው
ዕድሜ፦ 22
ትምህርት፦ አራተኛ ክፍል
ሥራ፦ የኮሌጅ የጽዳት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከኮሌጁ ጀርባ፣ በአጎቱ ቤት
ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ከትውልድ ስፍራዬ ርቄ የምኖር ስሆን፣ ወደዚህ አምጥተው ሥራ ያስገቡኝ በኮሌጁ የኮምፒውተር ኔትወርክ መምህር የሆኑት የእናቴ ወንድም ናቸው። ማንም ሳይጠራኝ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

በቤተ ሙከራው ውስጥ የኔትወርክ መሣሪያ የተደረደረባቸው ሁለት ተመሳሳይ የብረት ቁምሳጥኖች አሉ። አንዱ የኮሌጁን ኢንተርኔት የሚያሠራ፣ ሌላው የተማሪዎች መለማመጃ ነው። አጎቴ የዓመት ፈቃድ ላይ ሳሉ ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። እርሳቸው ከፈቃድ የተመለሱት ማክሰኞ፣ የተግባር ፈተና በሚሰጥበት ዕለት ነው። ከፈተና በፊት ከመለማመጃው ላይ ሆን ብለው ገመድ የመንቀል ልማድ አላቸው፤ ተማሪዎቹም ብልሽቱን ፈልገው ይጠግናሉ። ‹‹ተማሪ የሚለየው ሲበላሽበት ነው›› ሲሉ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ።

በዕለቱ ጠዋት የኮሪደሩን መስታወት ስወለውል፣ አጎቴ ስልክ እያወሩ ገብተው ቀድሞ መለማመጃው ከነበረበት፣ አሁን ግን የኢንተርኔቱ ከቆመበት፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ቁምሳጥን ገመዶች ነቅለው ሲወጡ አሻግሬ አይቻለሁ። ጥቂት ቆይቶ ከአጎቴ ተፈታኞች አንዱ፣ ጓደኞቹ ‹‹ክላውዱ›› በሚል ቅጽል የሚጠሩት ተማሪ፣ ከሌሎቹ ቀድሞ መጣ። የተንጠለጠሉትን ገመዶች እንዳየ ፈገግ ብሎ መሰካት ጀመረ። በዚያው ሰዓት በላይኛው ፎቅ ክላውድ ኮምፒውቲንግ የሚባለውን የኢንተርኔት ትምህርት የሚማሩ ሌሎች ተማሪዎች በኢንተርኔት ሲፈተኑ መስመሩ ተቋርጦ የሠሩት ጠፍቶባቸው ኖሮ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከጥበቃው ጋር እየሮጡ መጥተው ልጁን ገመድ እንደያዘ አገኙት። ልጁ ‹‹ኧረ ጋሼ፣ ፈተናው መስሎኝ ነው!›› ቢልም ጥበቃው ‹‹ና፣ ጣቢያ ትፈተናለህ!›› ብሎ ክንዱን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው።

አመሻሹ ላይ እራት ስንበላ አጎቴ ለባለቤታቸው ‹‹ስናስተምረው የኖርነው አጥፊ ነው ለካ!›› እያሉ ሲያወሩ፣ እኔ ‹‹ጋሼ፣ ቁምሳጥኖቹ እኮ ቦታ ተቀያይረዋል፤ አልነገሩዎትም እንዴ?›› አልኩ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያም ‹‹የዕድገቴ ነገር የሚወሰነው በዚህ ሳምንት ነው። ልጁን ነገ ከነገ ወዲያ ይለቁታል፤ አንተ አፍህን ያዝ›› አሉኝ። ባለቤታቸው ‹‹ባይለቁትስ?›› ሲሏቸው ከማዕዱ ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ትናንት ልጁ ከትምህርት እንዲባረር መወሰኑን ጥበቃው ነገረኝ። አጎቴ በተንኮል ያደረጉት ነገር የለም፤ ተሳስተው ነው። ልጁም የነቀለው ገመድ የለም፤ ሲሰካ ነው የተያዘው። በዚህ ቃሌ ምክንያት ከአጎቴ ቤት ልወጣ እንደምችል አውቃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ከመፈረሜ በፊት ለእናቴ እንድደውል ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የወንድሟ ጉዳይ ስለሆነ ከእኔ አፍ እንድትሰማው ፈልጌ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ‹‹የዚያ ልጅ እናትስ መታሰሩን ሰምታ ይሆን፣ ልጄ?›› ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ብዬ ስልኩን ለመርማሪው መለስኩ።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ ያላልኩት እንዳልተጨመረና ያልኩት እንዳልጎደለ ሰምቼ፣ እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________