የዘጠኝ ቀን ሕፃንና ሩብ ካፕሱል

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ወይዘሮ ባህሪያ ከከተማቸው ገበያ ከመርካቶ የገዟቸውን አራት ካፕሱሎች በወረቀት ጠቅልለው ወደ ሰፈራቸው ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ሲጣደፉ ዝናብ ያዛቸውና ከአንድ የቡና መጋዘን ጣሪያ ሥር ተጠለሉ። እዚያው የጎረቤታቸው የኤርሲዶ ልጅ፣ በሰርቦ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና የምትሠራው ልያ ቆማ ነበር።

«እማማ ባህሪያ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«የልጄ የመድና ሕፃን በዘጠኝ ቀኑ አተኮሰው፤ ጡትም እምቢ አለ። ይኸው መድኃኒት ገዛሁ።» ወረቀቱን ፈታ አደረጉት።

«ይህ እኮ የአዋቂ ነው!»

«ኤዬ፣ እኔስ ሙሉውን እሰጠዋለሁ ወይ? ከፍቼ ሩቡን በቅቤ ነው የማልሰው። ለትንሽ ሰው ትንሽ መድኃኒት! ለዚህም ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል?»

ልያ ፈገግ አለች፤ ግን አልተወቻቸውም። «አራስ ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም፣ እማማ። እኛ የዋጥነውን ጉበታችን ሰባብሮ፣ ኩላሊታችን በሽንት ያወጣዋል። የእሱ ግን ገና ሥራ አልለመዱም። የጠዋቱ ሩብ ሳይወጣ የማታው ይደረብበታል።»

«ታዲያ ለጎረቤታችን ለሸምሰዲን የሦስት ዓመት ልጅ ሐኪሙ ያን ያህል ብዙ መድኃኒት ያዘዘለት ምነው?»

«በዚያ ዕድሜ ደግሞ፣ በክብደት ሲሰላ፣ ከእኛ ፈጥነው የሚያስወጡት መድኃኒት አለ። በግምት መክፈል የማይሆነው ለዚህ ነው።»

«ወይ ጉድ! እኔ ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ አንቺ ገና አልወለድሽም።»

«እውነት ነው። እስቲ በሚያውቁት በቡናው ይንገሩኝ፤ ትናንት ያሰጡት እሸት ሳይደርቅ የዛሬውን ቢደርቡበት ምን ይሆናል?»

«ይሻግታላ!» አሉ።

«ይህም መድኃኒት ሲጠራቀም የሕፃኑ ሆድ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል፣ ገላው ይቀዘቅዛል፣ መልኩ አመድ ይመስላል።»

ወይዘሮ ባህሪያ ካፕሱሎቹን አዩ። አምና በአሥራ አንድ ቀኑ የሞተው የመድና በኩር መልኩ አመድ መስሎ ነበር። ሰው ሁሉ ዓይን ነው ብሎ፣ እሳቸውም አምነው ቀበሩት።

«ልያ፣ ማሎ፣ እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ልጅ የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«አላውቅም፣ እማማ። ሕመሙም ሊሆን ይችላል፤ የማላውቀውን አልልዎትም። ለዚህኛው ሰጥተውታል?»

«ዛሬ ጠዋት፤ ከቤት የተረፈች አንዲት ካፕሱል ነበረች፣ ሩቧን ሰጠሁት። ለመድና ግን ቅቤ ብቻ ነው ብያታለሁ።»

«ይህን ለሐኪሙ ይንገሩት። ካልነገሩት ሌላ ይጨምርበታል።»

«በመድና ፊት?»

«በመድና ፊት።»

ዝናቡ ሳያባራ ሄደው እናትና ልጁን ይዘው ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ ሕፃኑን መዝኖ፣ ዕድሜውን በቀን ጠይቆ፣ «ከዚህ በፊት የተሰጠው መድኃኒት አለ?» ሲል መድና «የለም» አለች።

ወይዘሮ ባህሪያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አለ። ዛሬ ሰጥቼዋለሁ። ለአምናውም ሰጥቼው ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ።»

መድና እናቷን አየች።

ሐኪሙ ያንን አስጥሎ ለዕድሜውና ለክብደቱ የተሰላ ሌላ መድኃኒት በመርፌ አዘዘ። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት ያዘ። ተመዝኖ፣ ቀኑ ተቆጥሮ፣ የተሰጠውም ሳይደበቅ ተነግሮለት ነው የዳነው።

ከዚያ ወዲህ በጊንጆ ጉዱሩ አራስ ልጅ ባተኮሰ ቁጥር ወይዘሮ ባህሪያ ይደርሳሉ፤ ካፕሱሉን አስጥለው እናቲቱን ወደ ሐኪም ያስኬዳሉ። ልጁ ድኖ ሲመርቋቸው ግን አሜን ለማለት አፋቸው አይታዘዝላቸውም። መድና ልጇን ለእናቷ ታሳቅፋለች፤ መድኃኒት ሲታዘዝለት ግን የምታጠጣው ራሷ ናት።