የተቆረጠው የውሻ ሽቦ

አባቴ «ሰው ከመጠርጠርህ በፊት ጸልይ» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን እየጸለይኩም ዘበኛውን ጠረጠርኩ። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውሻው እንዳይወጣ ዙሪያውን ሽቦ ተቀብሯል፤ ሲጠጋው አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ይነዝረዋል። ሽቦው ተበጥሶ ውሻው አስፋልት ወጣ፤ የቤቱ እትዬም ዘበኛውን ሊያባርሩ ተነሡ።

እኔ ጥገና ተጠርቼ ስገባ የቤቱ ሠራተኛ ልትጠይቃት ከመጣች እናቷ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሽቦውን ሞገድ ሲያገኝ የሚጮህ ትንሽ ሬዲዮ ወደ መሬት አስጠግቼ ሽቦውን ስከተል ጩኸቱ አበባው ሥር ቆመ። ብቆፍር በቢላዋ ተቆርጧል።

«ለሌባ ልታመቻች ነው?» አልኩት ዘበኛውን።

«ኧረ ጋሼ፣ በእመቤቴ እኔ አይደለሁም!»

ሽቦውን ቀጥዬ በናስትሮ ስጠቀልል፣ የሠራተኛዋ እናት አጠገቤ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ዘበኛውን ተወው። ልጄ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ጤና የላትም፤ አበባው ሥር ሽቦውን ሳገኝ የተቀበረ መተት መስሎኝ እኔው ነኝ የቆረጥኩት።»